ከቢሮና ከችሎት መልስ፦ የደብረ ብርሃኑ የሙዚቃዊ ቴአትር ክበብ ሲመዘን

በደብረ ብርሃን ከተማ፣ የመንግሥትም ሆነ የግል ሥራቸውን ሳይተዉ ቴአትር መሥራት ለሚፈልጉ ሰዎች የተቋቋመ አንድ የአማተር ሙዚቃዊ ቴአትር ክበብ አለ። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ፣ እንዲሁም እሑድ ከሰዓት በኋላ ይገናኛል፤ ከአባላቱ በወር 150 ብር መዋጮ ይሰበስባል፤ በምትኩ የድምፅና የዜማ ሥልጠና፣ የትወና ልምምድ፣ በዓመት አንድ ጊዜም ለሕዝብ በሚቀርብ ሙሉ ተውኔት ላይ የመሳተፍ ዕድል ይሰጣል። አንድ ሙሉ ዓመት ከክበቡ ጋር ስለቆየሁ፣ ያገኘሁትን አገልግሎት በጎውንም ጉድለቱንም ሳልደብቅ ልመዝነው እፈልጋለሁ።

በምን ዓይን እንደማየው እንዲታወቅ የራሴን ሁኔታ ላስቀድም። በሳምንት አምስት ቀን ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 11፡30 በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሥራ እሠራለሁ። ቅዳሜ ደግሞ ከቀበሌያችን የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኞች አንዷ ሆኜ ችሎት እቀመጣለሁ። ለዚህ ሥራ ደሞዝ የለኝም፤ ጎረቤት ከጎረቤት የሚካሰስበትን አነስተኛ የገንዘብ ክርክር የምናይ፣ የሕግ ትምህርት ሳይኖረን በነዋሪው አመኔታ የተመረጥን ሰዎች ነን። የምንቀመጠው ሦስት ሆነን ስለሆነ አንዳችን ከቀረን ችሎቱ አይሟላም፤ ባለጉዳዩም የቀን ገቢውን አጥቶ ሌላ ቀጠሮ ይዞ ይመለሳል። ከዚህ ሌላ ሁለት ልጆች አሉኝ። ዘፈን ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ነገር ነው፤ ትምህርት ቤት ሳለሁ በወላጆች በዓል መድረክ ላይ እዘፍን ነበር፤ ሥራ ከያዝሁ በኋላ ግን ለ14 ዓመት አንድም ቀን ሰው ፊት ቆሜ አልዘፈንሁም።

ወደዚህ ክበብ ከመምጣቴ በፊት ሌላ የኪነ ጥበብ ቡድን ሞክሬ ሦስት ወር ሳልሞላ ወጥቻለሁ። እዚያ ልምምዱ 12 ሰዓት ተብሎ 1፡15 ይጀመር ነበር፤ ለለቅሶ ወይም ለችሎት የቀረ ሰው ጥበብን እንደናቀ ይቆጠር ነበር፤ በመጨረሻም ያጠናሁት ገጸ ባሕርይ ለእኔ ሳይነገረኝ ለሌላ ሰው ተሰጠ። መሥሪያ ቤትና የሕዝብ ኃላፊነት ያለበት ሰው መድረክን እርም ማለት አለበት ብዬ የደመደምሁት ያን ጊዜ ነው። አሁን የምጽፍለት ክበብ ይህን ድምዳሜዬን በአሠራሩ አፈረሰው።

አሠራሩ የሚጀምረው ከቀን አቆጣጠሩ ነው። ልምምድ በጥቅምት ይከፈታል። ዜማዎቹ በሙሉ ከዐቢይ ጾም በፊት ተጠንተው ማለቅ አለባቸው፤ ምክንያቱም በጾሙ 55 ቀናት መዝፈን የማይፈልጉ አባላት ብዙ ስለሆኑ በእነዚያ ሳምንታት የሚጠናው ቃለ ተውኔት፣ እንቅስቃሴና የመድረክ አቀማመጥ ብቻ ነው። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ሙስሊም አባላት አፍጥረው እንዲመጡ የምሽቱ ሰዓት ይገፋል። ከፋሲካ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ዜማውን አስታውሰን ተውኔቱ በግንቦት ለሕዝብ ይቀርባል። በሰኔ ክበቡ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 እንደሚዘጋ፣ በዚያ ወር የሒሳብ፣ የግዥና የንብረት ሠራተኛ ማታ 2 ሰዓት ድረስ ቢሮ እንደሚያመሽ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ ያለ ቀን አቆጣጠር የሚያወጣው። የአባላቱን ኑሮ ዐውቆ የተሰፋ ልብስ ይመስላል፤ እኔ በበኩሌ በሥራዬ ላይ አንድም ቀን ሳልዘገይ ዓመቱን ጨርሻለሁ።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን «ጥንድ» የሚሉትን ሥርዓት ነው። እያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ ሁለት ሰው ያጠናዋል። አንደኛውና ሁለተኛው የሚባል ማዕርግ የለም፤ ሁለቱም ቃሉን፣ ዜማውንና እርምጃውን እኩል ይይዛሉ፤ በልምምድ ይፈራረቃሉ፤ ተውኔቱ ብዙ ጊዜ ከታየ ደግሞ መድረኩንም ይካፈላሉ። አንዱ የቢሮ ስብሰባ ቢውልበት፣ ችሎት ቢያመሽበት ወይም የዕድር ለቅሶ ቢደርስበት የሚደውለው ለአዘጋጁ ሳይሆን ለጥንዱ ነው። በዚህ ምክንያት ማንም ሰው ለመቅረቱ ይቅርታ ሲለምን አይታይም። የእኔ ጥንድ በአንድ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት፤ እሷ ተረኛ በምትሆንበት ሳምንት እኔ፣ እኔ ቢሮ በማመሽበት ቀን እሷ እንገባለን። ከኅዳር ጀምሮ ሁለታችን ተነጋግረን የጎደለብን አንድ ምሽት ብቻ ነበር፤ ያም የሆነው የሁለታችንም ልጆች በአንድ ሳምንት ጉንፋን ይዟቸው ስለነበር ነው።

ወደ ሥልጠናው ልለፍ፤ ብዙ የተማርሁት እዚያ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በጥቅምትና በኅዳር ማታ አዳራሹ ውስጥ አፋችንን ስንከፍት እንፋሎት ይወጣል። እንዲህ ባለ ብርድ ሳይሟሟቅ የተነሣ ድምፅ ወዲያው ይሻክራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ለትንፋሽ ብቻ ይውላል፤ ቆመን፣ እጃችንን ጎድናችን ላይ አድርገን፣ አየሩን በአፍንጫ ስበን በቀስታ እንለቃለን፤ ከዚያ ከንፈር ገጥመን በማንጎራጎር ከዝቅተኛው ድምፅ ወደ ላይ እንወጣለን። ይህ ሳይፈጸም ማንም እንዲዘፍን አይፈቀድለትም። አሠልጣኙ እያንዳንዱን ዜማ በየድምፁ ለይቶ ቀድቶ በቴሌግራም ይልክልናል፤ እኔም የራሴን ክፍል ጠዋት ወደ ቢሮ በእግሬ ስሄድ፣ ማታም እንጀራ ስጋግር እየሰማሁ አጠናዋለሁ።

ከሁሉ የጠለቀው ትምህርት የተሰጠን በአንዲት ቃል ላይ ነበር። በተውኔቱ ውስጥ ተቀባዮቹ «ዳኛ ይሰማል» እያሉ የሚመልሱበት ስንኝ አለ። ዜማው በ«ሰ» ላይ ስለሚረዝም ሁላችንም ሳናውቀው ፊደሉን እያጠበቅን እንዘፍን ነበር። አሠልጣኙ አስቆመንና ቃሉን ሁለት ጊዜ አነበበልን። «ሰ» ሲላላ ዳኛው የሌላውን ቃል ያደምጣል ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ግን የዳኛው ድምፅ ለሌላው ይደርሳል ማለት ይሆናል። በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት የሆነው ቃል በዜማው ምክንያት ትርጉሙ ተገለበጠ። የእኛ ፊደል መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ጸሐፊው ያሰበውን የሚጠብቅለት ዘፋኙ ብቻ ነው። ያን ምሽት ያቺን አንዲት ስንኝ ከ40 ደቂቃ በላይ ደጋገምናት፤ በመጨረሻ ዜማው ተስተካክሎ የተረዘመው ድምፅ ወደ «ማል» ተዛወረ። በተከታዩ ቅዳሜ ችሎት ስቀመጥ ቃሉ በጆሮዬ ነበረ፤ ባለጉዳዮቹ ከሚናገሩት ይልቅ እኔ የምናገረው በዝቶ እንደሆነ ራሴን ስጠይቅ ዋልሁ።

ዘንድሮ ያቀረብነው ተውኔት አባላቱ ራሳቸው የጻፉት ሲሆን የተመሠረተው በበላ ልበልሃ፣ ማለትም በጥንቱ በግጥም በሚካሄድ የችሎት ሙግት ላይ ነው። ምርጫው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ሙዚቃዊ ቴአትር ሲባል ብዙ ሰው ከውጭ የመጣ ነገር ይመስለዋል፤ አባቶቻችን ግን ለርስትና ለድንበር ሲሟገቱ በግጥም፣ በድምፅ አወራረድ፣ በዱላ አያያዝና በእግር እርምጃ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በኩታቸው ጫፍ ተቋጥረው በቁራኛ ወደ ዳኛ ሲቀርቡ፣ ተሟጋች በማርና በበቅሎ ሲወራረድ፣ ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ ሲያጅብ፣ ቴአትር ለመሆን የሚጎድለው ብዙ ነገር አልነበረም። በእኛ ተውኔት ነገረ ፈጇ በጉቦ ተገዝቶ የከዳት መበለት ራሷ ሸንጎ ፊት ትቆማለች። እኔና ጥንዴ የያዝነው ይህችን ሴት ነው። የሙግቷ መክፈቻ በትዝታ ቅኝት እንዲህ ይላል፦

«በላ ልበልሃ፣ ቃሌን ስማኝ ዳኛ፤
ባል የሞተባት ሴት፣ ሕግ ነው የርሷ እረኛ።»

አጃቢዎቹ ክራር፣ መሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ ናቸው። የነገረ ፈጁ ክፍል በአንቺሆዬ መደረጉ ጥሩ ነበር፤ ሁለቱ ቅኝቶች ሲቀያየሩ ታዳሚው ማን ወደ ማን እንደዞረ ያለ ቃል ይረዳ ነበር። ፍጻሜው ላይ ያለው የኅብረት ዘፈን ግን ረዝሟል፤ ሁለት አርኬ ቢቀነስለት እመርጥ ነበር።

ስለ አልባሳቱ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከተውኔቱ አሥር ቀን በፊት ለከተማው አረጋውያን ልምምዳችንን በነፃ አሳይተን ነበር። ከመንዝ የመጡ አንድ የ80 ዓመት አዛውንት፣ ጥቁር በርኖሳቸውን እንደለበሱ እስከ መጨረሻው በጽሞና ተከታትለው ሲያበቃ ወደ እኔ መጡ። «ልጄ፣ ዘፈንሽ ግሩም ነው፤ ዳኛ ፊት ግን ነጠላሽን እንዲህ ትከሻሽ ላይ ጥለሽ አትቆሚም» አሉኝ። «ያደገድጉ ነበር እኮ! ያለዚያ ዳኛው ቃልሽን ሳይሰማ አስወጥቶሽ ነበር።» ከዚያም ከአጠገባቸው ከነበረ ወጣት ላይ ኩታውን ተቀብለው፣ በሁለት እጃቸው ዘርግተው፣ ደረቱ ላይ አዙረው ወገቡ ላይ ሲያስሩለት፣ በልጅነታቸው አባታቸውን ተከትለው አጥቢያ ዳኛ ፊት እንዳዩት እያስታወሱ ነበር። ጣቶቻቸው እየተንቀጠቀጡም ቋጠሮው አልሳታቸውም። አዘጋጁ ወዲያው ተቀበላቸው፤ በግንቦት መድረክ ላይ ከሳሽም ተከሳሽም እሳቸው ባሳዩት መንገድ አደግድገው ቆሙ። ሽማግሌን ጠርቶ የሚያሳይና እርማታቸውን የሚቀበል ክበብ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰዎች የሚጠይቁኝን ጥያቄ ማንሣት ይኖርብኛል፦ ዳኛ የሆነች ሴት በመድረክ መዝፈኗ ለችሎቱ ክብር ይመጥናል ወይ? ጥያቄው ከክፋት የመጣ አይደለም። አዝማሪን ለሠርጉ እየጠራ በማዕዱ የማያስቀምጥ ማኅበረሰብ ውስጥ አድገናል፤ የዚያ ስሜት ትራፊ ዛሬም አለ። እኔ ለመልሱ ሩቅ አልሄድም። የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የጻፉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተወለዱት እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ሰያደብር ነው። ሩሲያ ተምረው የተመለሱት እኚህ ሰው የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል፤ የ1923ቱን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል፤ በጄኔቭም በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለአገራቸው ተሟግተዋል። በእንስሳት አስመስለው የጻፉት ተውኔት የሹማምንቱን ብልሹነት በመንቀፉ ታገደ እንጂ፣ ቴአትር መጻፋቸው ሕገ መንግሥት ከማርቀቅ አላጎደላቸውም። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተውን የሀገር ፍቅር ማኅበርም ያቋቋሙት በመንግሥት ሥራ ላይ የነበሩት መኰንን ሀብተ ወልድ ናቸው። ከጠረጴዛ ሥራና ከሕዝብ አደራ ጎን ለጎን መድረክን መያዝ በአገራችን ቴአትር ከጅምሩ የነበረ ነገር ነው።

ቢሆንም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ክበቡ የተባበረኝን ሳልጠቅስ አላልፍም። ገና ስመዘገብ ለሁለቱ ባልደረቦቼ ዳኞች አሳውቄ ፈቃዳቸውን አግኝቻለሁ። ከአዘጋጁ ጋርም በተውኔቱ ውስጥ በቀበሌያችን የታየ ወይም በመታየት ላይ ያለ ጉዳይን የሚመስል ታሪክ እንዳይገባ ተስማምተናል። በታኅሣሥ አንድ አባል ያቀረበው አስቂኝ ትዕይንት ሰፈራችን ውስጥ ያለ አንድ የብድር ክርክር ስለሚመስል ቅሬታዬን ስናገር፣ ትዕይንቱ ያለ ክርክር ወጣ። ጸሐፊው ብዙ የደከመበት እንደነበር ስለማውቅ ይህን በቀላሉ አላየውም።

የጥንድ ሥርዓቱ የተፈተነው በመጀመሪያው የትዕይንት ቀን ነበር። ዕለቱ ቅዳሜ ስለነበር ችሎታችን በ6 ሰዓት ያልቃል፣ ተውኔቱ በ9 ሰዓት ይጀመራል ብዬ አስቤ ነበር። ነገር ግን ከአንኮበር በኩል የመጡ አንዲት ምስክር መኪና አጥተው 7፡30 ደረሱ። ለመጓጓዣ የከፈሉትን ገንዘብ ከጎረቤት ተበድረው እንደመጡ ሲነግሩን፣ ሌላ ቀጠሮ መስጠት ይቅርና ማሰቡም አሳፈረን። ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ ለጥንዴ ደወልሁላት። «ግቢልኝ» አልኋት። «በይ እሺ፣ ነጠላሽን ብቻ ላኪልኝ» አለችኝ፤ ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ምስክሯን ሰምተን፣ ተመካክረን ውሳኔውን ስናነብ 10 ሰዓት ሆኖ ነበር። አዳራሹ ስደርስ የሙግቱ ትዕይንት ተጀምሯል። ከኋላው በር አጠገብ ቆሜ፣ ሰባት ወር ያጠናሁትን ዜማ በሌላ ሰው ድምፅ ሰማሁት። አልዋሽም፣ ቀናሁ፤ እንባም መጣብኝ። «ሕግ ነው የርሷ እረኛ» የሚለው ላይ ስትደርስ ግን እኔ ከማደርገው ይልቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለራሷ እንደምትናገር ሆና ዘፈነችው፤ አዳራሹም ጸጥ አለ። በማግስቱ እሑድ ተራው የእኔ ሲሆን እኔም እንደ እሷ ዝቅ አድርጌ ዘፈንሁት።

ጉድለቶቹን በተመለከተ፣ ከሁሉ የሚከብደኝ የገንዘብ አያያዙ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንሁ ይሆናል፤ ነገር ግን አባላት በየወሩ የሚያዋጡት ገንዘብና የመግቢያው ሽያጭ በምን ላይ እንደዋለ በጽሑፍ የቀረበልን መግለጫ የለም። ገንዘብ ጠፍቷል ብዬ አልጠረጥርም፤ የአዳራሽ ኪራይና የመብራት ወጪ እንዳለ አያለሁ። ሆኖም ደረሰኝ ተያይዞ በየሦስት ወሩ አንድ ገጽ ሒሳብ መለጠፍ ለማንም አይከብድም። ይህን በጉባኤ ላይ አንሥቼ በመጪው ዓመት እንደሚደረግ ቃል ተገብቶልኛል። አዳራሹ የቆርቆሮ ጣሪያ ስላለው ዝናብ ሲመጣ ድምፅ አይሰማም፤ በግንቦቱ ትዕይንት ሁለተኛ ቀን በዝናብ ምክንያት ሩብ ሰዓት ያህል ለመቋረጥ ተገደናል። የድምፅ ማጉያው ያረጀ ነው፤ ሁለት ማይክሮፎን ብቻ ስላለ ተቀባዮቹ ከክራሩ በታች ይዋጣሉ። ልምምዱ በሰዓቱ ቢጀመርም ሁልጊዜ በሰዓቱ አያልቅም፤ 1፡45 መባሉ ቀርቶ 2፡15 ሲሆን ባጃጅ ማግኘት አስቸጋሪ ይሆናል፤ ለሴት አባላት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በአንድ መንገድ የምንሄድ አራት ሴቶች ተሰባስበን ባጃጅ በኮንትራት መያዝ ጀምረናል፤ ይህን ግን ክበቡ ራሱ ቢያደራጀው ይገባ ነበር።

ዋጋውን በተመለከተ 150 ብሩ ተመጣጣኝ ነው። አልባሳት ግን ከራስ ነው፤ ለእኔ የሀገር ልብስ ከቤት ስለነበረኝ ምንም አላወጣሁም፤ በርኖስ የሚያስፈልጋቸው ወንዶች ተከራይተው ነው የለበሱት። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚኖር፣ በሥራ ቀን ሄዶ ብሔራዊ ቴአትርን ወይም ሀገር ፍቅርን ማየት ለማይችል ሰው፣ በከተማው ውስጥ በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ ሥልጠና ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ሙያተኛ ዘፋኝ ወይም የፊልም ተዋናይ ለመሆን ለሚፈልግ ወጣት ግን አልመክረውም፤ የጥንድ ሥርዓቱ ብቻውን ጎልቶ መታየት የሚሻን ሰው ያስከፋዋል፣ ፍጥነቱም ለእሱ የዘገየ ይሆንበታል። መምህር፣ ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ የዕድር ጸሐፊ፣ የቀበሌ ምክር ቤት አባል ለሆነ ሰው ግን ያለ ማመንታት ሂድ እለዋለሁ።

ምዝገባው በመስከረም የመጨረሻ ሁለት ሳምንታት ሲሆን የመጀመሪያው ወር መዋጮ አይጠየቅበትም። የድምፅ ፈተና አለ፤ ነገር ግን ማንንም ለመጣል አይደለም፣ በየትኛው የድምፅ ክፍል እንደሚገቡ ለመለየት ነው። የመመዝገቢያው ቅጽ ከስምና ከስልክ ቀጥሎ የሚጠይቀው የመሥሪያ ቤት ሰዓትዎን፣ የዕድርዎን የስብሰባ ቀንና ያለብዎትን ሌላ የሕዝብ ኃላፊነት ነው፤ ጥንድ የሚመደብልዎት በዚያ ስለሆነ ሳይቸኩሉ ይሙሉት። ለጥቅምት ምሽቶች ወፍራም ጋቢ ይያዙ።